ያኑርሽ

ስንዱን ያንገበገባት የሥራው ብዛት አልነበረም፤ ሰው አላይ ማለቱ ነው። ዓይኗ እስኪቀላ የተማረች፣ መድኃኒትን ከነጠባዩ ለይታ የምታውቅ ልጅ፣ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ፊታቸው ቀጥ ብላ ቆማ እያለች ገበያተኛው ሁሉ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ "እዚህ ቤት ሰው የለም እንዴ?" ይላል። እሷስ ምንድን ናት? መጋረጃ?

የባሱት ደግሞ እማማ ዘሐራ ነበሩ፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ምላሳቸውን ግን ምንም የማይነካቸው የሰፈሩ ባልቴት።

"አንቺ ልጅ፣ ትልቁን ጥሪልኝ።"

"እኔ ልስጥዎት እማማ፤ ምን ነበር የፈለጉት?"

"እኔን የሚያመኝ ጉልበቴን ነው፣ ዓይኔ ደህና ነው። ልጅ መሆንሽ ይታየኛል። ትልቁን ጥሪልኝ ብያለሁ!"

ትልቁ የሚሉት ሰው የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ጋሽ ፈጠነ ነው። ያንን ስም ያወጣለት ሰው ዛሬ ቢያየው ይስቅ ነበር፤ ከወንበሩ ሊነሣ ሲል እንደ አሮጌ አውቶቡስ አስቀድሞ ማጓራት አለበት። ስለዚህም አይነሣም። ደሴ ዳገቱ ላይ ያለው ያ መድኃኒት ቤት ፊቱ ለመንገድ፣ ጀርባው ለተራራው ነው፤ ከሱቁ ኋላ ተራራው ተቦርቡሮ የተሠራ ጠባብና ረጅም የመድኃኒት ጓዳ አለ፤ በሱቁና በጓዳው መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ደግሞ እጅና ዕቃ ብቻ የምታሳልፍ ትንሽ መስኮት አለች። ጠዋት ስንዱ ሱቁን ከፍታ ፊት ትቆማለች፤ ጋሽ ፈጠነ ሲመጣ ወደ ጓዳ ትገባለች። ከዚያ በኋላ እሱ ከወንበሩ ሳይነቃነቅ የመድኃኒቱን ስም ይጠራል፤ በመስኮቷ እጅ ይወጣና ያቀብለዋል።

"እጅ!" ብሎ ነው የሚጠራው። "የሳል ሽሮፕ፣ የልጅ!"

"ጋሼ፣ ስሜ ስንዱ ነው" አለችው ለሥራ ልምምድ በገባች ሰሞን።

"አውቃለሁ፣ እጅ። ካንቺ በፊት የነበሩትንም እንዲህ ነው የምጠራቸው፤ አልተቀየሙኝም።"

"የት ደረሱ እነሱ?"

"ማን ያውቃል። እጃቸውን እንጂ መልካቸውን አላስታውስም።"

ስንዱ ዋጥ አደረገችው። ከመዋጥ ሌላ ምን ታድርግ? ክረምቱ ሲያልቅ ይሄ ሰው "በቅታለች" ብሎ ካልመሰከረላት ልፋቷን ሁሉ ውኃ በላው። እናቷ መርሳ ከተማ ጠዋት ማታ ሽንኩርት እየቸረቸረች ያስተማረቻት፣ ልጄ ሰው ትሆናለች ብላ ነው። ስለዚህ ስንዱ "እጅ" ሲሏት እጇን ታወጣለች፤ ሰው እስክትሆን።

ጓዳው ከበሩ አጠገብ ደህና ይመስላል፤ ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ግን ይቀዘቅዛል። ከጣሪያው ላይ አንዲት አምፖል እንደ ታመመ ሰው ዓይን ቢጫ ሆና ተንጠልጥላለች፤ ብርሃኗ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይደክመውና የመጨረሻዎቹን መደርደሪያዎች ለጨለማው ይተውለታል። የካምፎሩ ሽታ፣ የአዮዲኑ ሽታ፣ የእንክብሉ ምሬትና የሽሮፑ ጣፋጭነት ሁሉም እርጥብ ካርቶን ውስጥ ተዘፍዝፈው የቆዩ ይመስል አንድ ላይ ተቀላቅለው አፍንጫ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከሥራቸው ደግሞ ዝናብ የጠጣ አፈር ሽታ አለ፣ አሁን የተቆፈረ ዓይነት። ማቀዝቀዣው ብርድ እንደያዘው ሰው ይንዘፈዘፍና በድንገት ዝም ይላል። እሱ ዝም ሲል ነው የጓዳው ርዝመት የሚሰማው።

አንድ ሐምሌ ረፋድ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጃፉን ሲያለብሰው፣ ስንዱ በመስኮቷ አጠገብ ቆማ የመጣ ዕቃ ትደረድራለች። ከኋላዋ አንዲት ሴት አስነጠሰች። ትንሽ፣ የታፈነች፣ በነጠላ ጫፍ አፍን ይዞ የሚያስነጥሱት ዓይነት።

"ይማርሽ!" አለች ስንዱ፤ አፏ ከሐሳቧ ቀድሞ።

"ያኑርሽ" አላት ድምፅ።

ሁለት ካርቶን ከደረደረች በኋላ ነው እጇ አየር ላይ የቀረው። የጓዳው በር አንድ ነው፤ በሩ ላይ የቆመችው ደግሞ ራሷ ናት። ዞር አለች። መደርደሪያው፣ ካርቶኑ፣ መሰላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ጨለማው። የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ቆይ ቆይ ብላ አሰበችና ለራሷ ሳቀች፤ ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤት ይኖራል፣ ግድግዳው ስስ ነው፣ ያስነጠሰችውም የሰው ሚስት ናት፤ ይማርሽ ስትባል ያኑርሽ ማለት ምን ይገርማል? በወጉ ያደገ ሰው የሚያደርገው ነው።

"ጋሼ፣ ከጓዳው ጀርባ ማን ነው የሚኖረው?" አለች በመስኮቷ።

"ጀርባ የለውም" አለ ጋሽ ፈጠነ፣ ከጋዜጣው ቀና ሳይል። "ከግንቡ ወዲያ ተራራው ነው። አፈር።"

ልብ ያለው ሰው ያን ቀን ጋዋኑን አጥፎ ወደ እናቱ ይሄድ ነበር። ስንዱ ግን አልሄደችም። አንደኛ፣ የት ትሂድ? ሁለተኛ ደግሞ፣ ይሄን ለማንም አትናገረውም እንጂ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ከእሷ ጋር ወግ ያለው ቃል የተለዋወጠ ሰው ያ ድምፅ ብቻ ነበር። ሰው አላይ ሲል የሚሰማ ሲገኝ፣ ከየት ነው ብሎ መጠየቅ ይከብዳል። በማግስቱ ሲያስነጥስ ይማርሽ አለች። ያኑርሽ ተባለች። ከዚያም በኋላ እንዲሁ። ድምፁ የሴት ነበር፣ ያልጎረመሰ፣ ትንሽ ያኮረፈ፤ "ያኑርሽ" የምትለውም ቀስ ብላ ነው፣ እንደሚጣፍጥ ነገር አፏ ውስጥ አቆይታ።

ዕቃው መቅረብ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ጋሽ ፈጠነ የጨጓራ መድኃኒት ይላል፤ ስንዱ ወደ ውስጥ ልትሄድ ስትዞር የጨጓራው መድኃኒት ከመደርደሪያው ጫፍ ወጥቶ ይጠብቃታል። የቆዳ ቅባት ይላል፤ ቅባቱ እዚያው ክንዷ ሥር ነው። አንዳንዱ ጠርሙስ ስታነሣው ሞቅ ይላል፣ ሌላ ሰው አሁን እጁ ላይ ይዞት የነበረ ይመስል። አንዳንዱ ደግሞ እሷ ወደ መስኮቷ ሳትደርስ ከመስኮቷ ደፍ ላይ ተቀምጦ ታገኘዋለች።

"አሁን ፈጠንሽ" አለ አንድ ቀን ጋሽ ፈጠነ። "እንዲህ ከሆንሽማ ትበቂያለሽ።"

ስንዱ እኔ አይደለሁም አላለችም። ሰው ሲያሞግሰው ማን እኔ አይደለሁም ይላል?

እማማ ዘሐራ ለጉልበታቸው ቅባት የመጡ ዕለት ነው ነገሩ የተጣመመው። ስንዱ ጓዳው መሐል መሰላል ላይ ወጥታ የላይኛውን መደርደሪያ ትጠርጋለች። ጋሽ ፈጠነ ተጣርቶ፣ ልውረድ ስትል፣ የባልቴቷ ድምፅ በመስኮቷ ገባ።

"ያ አላህ! ምነው ልጄ፣ እጅሽ በረዶ ሆነሳ!"

ስንዱ መሰላሉ ላይ ደረቀች። ሁለቱም እጆቿ መደርደሪያውን ይዘዋል።

እማማ ዘሐራ በከዘራቸው ግድግዳውን መታ መታ አደረጉ። "ሰማሽኝ? እሳት ሙቂ። ደግሞ የያዝሽውን ዕቃ ስትሰጪ ልቀቂ እንጂ፣ ምን ትታገይኛለሽ? ፈጠነ፣ ሁለት ናቸው እንዴ እዚያ ውስጥ? ያቺ ጠዋት ያየኋት እጇ ትንሽ ነው።"

"አንድ ናት" አለ ጋሽ ፈጠነ።

ስንዱ ከመሰላሉ ወረደች። መስኮቷ ያለችበትን አየች፤ አጠገቧ ማንም የለም፤ ወለሉ ላይ ግን ከመስኮቷ ጀምሮ ወደ ጨለማው የሚሄድ፣ ቀይና እርጥብ የሆነ፣ የተንጠባጠበ የአፈር ፍርፋሪ ነበር። እሱንም ጠረገችው። በዝምታ ጠረገችው፤ ምክንያቱም ክረምቱ ሊያልቅ ነው፣ ምክንያቱም ትበቂያለሽ ተብላለች።

ግን ሕፃን ሲመጣ ሌላ ነው። አንዲት እናት ዓይኑ በመግል የተጣበቀ አራስ ታቅፋ መጣች። ጋሽ ፈጠነ የዓይን ጠብታ ብሎ ጮኸ። ስንዱ ስትዞር ጠብታው በመስኮቷ ወጥቶ አልቋል። የወጣውን ለማየት የጓዳውን በር መጋረጃ ገልጣ ወደ ሱቁ ሮጠች፣ ከእናቲቱ እጅም ነጠቀችው። ለጆሮ የሚደረግ ጠብታ ነበር፤ ጠርሙሱ ያው፣ መጠኑ ያው፤ ያ አራስ ዓይን ውስጥ ቢገባ እንደ በርበሬ የሚያቃጥል።

ጋሽ ፈጠነ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበሩ ሳያጓራ ተነሣ።

"ሰው ልታሳውሪ ነው? አንቺ! ይሄን ነው የተማርሽው?"

"ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም ያቀበልኩት።"

"ታዲያ ማን ነው? ጓዳዬ ውስጥ ማን አለ?"

ከመጋረጃው ኋላ፣ ከውስጥ፣ ትንሽ ማስነጠስ ተሰማ። ጋሽ ፈጠነ አልሰማም። እናቲቱም አልሰማችም። ልጁ ግን አለቀሰ።

"አንድ ስሕተት ድገሚ" አለ ጋሽ ፈጠነ ቁጭ እያለ፣ "አልመሰክርልሽም። ሂጂ ግቢ።"

ገባች። ገባችና ጥርሷን ነከሰች፦ ከእንግዲህ ያቺን ቃል አልልም። ሰላምታሽም ይቅርብኝ፣ እርዳታሽም ይቅርብኝ።

ሲያስነጥስ ዝም አለች። ከማስነጠሱ በኋላ የሚመጣውን ዝምታ ያኔ ነው ያወቀችው፤ ደጅ ቆሞ ካንኳኳ በኋላ የሚጠብቅ ሰው ዝምታ ነው፣ ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቅ። ቆይቶ እንደገና አስነጠሰ፣ ትንሽ ቀረብ ብሎ። ዝም አለች። ከላይኛው መደርደሪያ። ዝም። ከመሰላሉ ሥር፣ ከካርቶኖቹ መካከል፣ ከማቀዝቀዣው ጀርባ፤ አንዴ ኃይለኛ፣ አንዴ ለስላሳ፣ አንዴ የሕፃን፣ አንዴ ደረቱ የተበላ ሽማግሌ ሆኖ። ስንዱ እግሯ አላርፍ አላት፤ ከበሩ ወደ መስኮቷ፣ ከመስኮቷ ወደ በሩ፤ ጠርሙስ ታነሣለች፣ ትመልሳለች፤ ጆሮዋን በጥጥ ደፈነች፣ ማስነጠሱ ጥጡ ውስጥ ሆነ። ማታ ቤቷ ስትተኛ እንኳ ያልተባለች ይማርሽ ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ እሾህ ተጋድማ ታሳክካታለች። እንዲህ ያለው ወግ ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ነው፤ ጠላትም ቢያስነጥስ ይባላል፤ አለመባል ነው የሚያመው።

በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት ጉሙ ሱቁ ውስጥ ገብቶ መደርደሪያው ላይ እስኪያርፍ ወፈረ፤ መብራትም ሄደ። ጋሽ ፈጠነ ከውጭ "ሻማ ፈልጊ!" አለ፤ ድምፁ ከሩቅ፣ ከአገር ማዶ የሚመጣ ይመስል ነበር። ማቀዝቀዣው ዝም አለ። የአፈሩ ሽታ ተነሣ፣ ካምፎሩን ዋጠው። ስንዱ በዳበሳ ሻማው ወደነበረበት ካርቶን ስትሄድ፣ ከጆሮዋ አጠገብ፣ ከጆሮዋም ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ያ ያኮረፈ ድምፅ ቀስ ብሎ፦

"እዚህ ቤት ሰው የለም እንዴ?" አለ።

ወደ ኋላ ስትል ክርኗ መደርደሪያውን መታው። የስንት ዘመን አቧራ ከላይ ፊቷ ላይ ወረደ፤ አፍንጫዋን በላት፣ ዓይኗን በላት፤ በጣቷ ያዘችው፣ ትንፋሿን ዋጠች፣ ምላሷን ነከሰች። አልሆነም። አስነጠሰች።

"ይማርሽ" አላት ጨለማው።

እንዴት ያለ አሳዛኝ ድምፅ ነበር! በዚያ ሁሉ ክረምት አስነጥሳ ይማርሽ ያላት አንድ ሰው አልነበረም፤ ጋሽ ፈጠነም፣ ባልቴቷም፣ የመንገዱ ሰው ሁሉ። አፏ ከሐሳቧ ቀደመ። እንዳይሉት የሚጠነቀቁት አንድ ቃል ነበር፣ እሷም ተጠንቅቃ ነበር፤ የተጠነቀቀችው ግን ለይማርሽ እንጂ ለያኑርሽ አልነበረም።

"ያኑርሽ" አለች።

ከኋላዋ የሆነ ሰው ረጅም ትንፋሽ ሳበ፤ ለዓመታት ውኃ ውስጥ የቆየ ሰው ብቅ ሲል የሚስበው ዓይነት። ከዚያ ሁለት በረዶ እጆች ትከሻዋ ላይ አረፉና፣ እንግዳ ሲመጣ ካፖርቱን እንደምናወልቅለት፣ በቀስታና በአክብሮት ጋዋኑን አወለቁላት። አልታገለችም። ልትታገል ፈልጋ ነበር፤ የምትታገልበት ክንድ የት እንዳለ አጣችው።

መብራት መጣ። መጋረጃው ይወዛወዛል፣ አሁን አንድ ሰው አልፎበት እንደወጣ። ስንዱ በመስኮቷ አየች። ሱቁ መሐል ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ ሹሩባው የስንዱ ሹሩባ ነው፣ እናቷ ለመንገድ የሠራችላት፤ ጫማውም የእሷው ነው፣ ተረከዙ ላይ ትንሽ ቀይ አፈር ይዟል። ጋሽ ፈጠነ ቀና አለ። ቀና ብሎ አያት፤ ደህና አድርጎ፣ ዓይኗን እያየ።

"ስንዱ" አላት። "ምነው፣ አቧራ ለበስሽ? ነይ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከፊት ቁሚ። ሰው ማስተናገድ ልመጂ።"

ስንዱ ስሟን ሰማችው። ስሟ ሲጠራ እንዲህ ያምር ኖሯል። እዚህ ነኝ ብላ ጮኸች፤ ጩኸቱ ከአፏ ሳይወጣ አፈር በላው። እጇን በመስኮቷ አወጣች፤ መስኮቷ ላይ የወጣ ነገር አልነበረም። ማድረግ የቻለችው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አፍንጫዋን በላትና አስነጠሰች። ያቺ ልጅ ትከሻዋ ተሸማቀቀ። ከንፈሯን በጣቶቿ ጥብቅ አድርጋ ያዘች፣ ዞራም አላየችም። ቃሉን የሚያውቅ ሰው እንዴት እንደሚጠነቀቅ!

በማግስቱ እማማ ዘሐራ መጥተው ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አዩና "ወየው፣ ዛሬማ ፊት አወጣሽ! ግድ የለም፣ አንቺው ስጪኝ" አሉ። ክረምቱ አለቀ። ጋሽ ፈጠነ "በቅታለች" ብሎ መሰከረ፣ ከወንበሩም ተነሥቶ ሸኛት። ልጅቷ ወደ መርሳ፣ ወደ ስንዱ እናት ሄደች፤ ስትወጣም መስኮቷን አላየችም። ጓዳው ውስጥ ማቀዝቀዣው ይንዘፈዘፋል፣ ዝም ይላል፤ የመጨረሻው መደርደሪያ ከተተወለት ጨለማ ጋር ይኖራል። እዚያ ሆኖ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ማወቅ የፈለገ፣ ከሰው መሐል ቆሞ ማንም ያላየው ቀን ያስታውስ፤ ያንንም ያርዝመው።

ከዚያ አንድ ቀን መጋረጃው ተገለጠና አዲስ ጋዋን የለበሰች ልጅ እየተነጫነጨች ገባች።

"ስሜ ትዝታ ነው ብያቸዋለሁ እኮ!"

"አውቃለሁ፣ እጅ" አለ ጋሽ ፈጠነ ከውጭ። "የጨጓራ መድኃኒት!"

"ሰው አይደለሁም እንዴ እኔ?" አለች ትዝታ ለራሷ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ዞር ስትል መድኃኒቱ ከመደርደሪያው ጫፍ ወጥቶ ይጠብቃታል፤ አነሣችውና ገረማት፣ ሞቅ ይላል። አቀበለችው። ከኋላዋ ትንሽ፣ የታፈነች ማስነጠስ ተሰማች። ልጅቷ ግን የስልኳን ማዳመጫ መልሳ ጆሮዋ ውስጥ ወትፋ በዘፈን ራሷን ትነቀንቃለች፤ አልሰማችም። ማስነጠሱ ተደገመ፤ ልጅቷ አልሰማችም። ስንዱ ከመጨረሻው መደርደሪያ ተነሣች፣ በካርቶኖቹ መካከል ቀስ ብላ መጣች፣ ከጀርባዋ ተጠግታም ቆመች፤ የልጅቷን የጆሮ ማዳመጫ በሁለት ጣት ይዛ፣ በፍቅር፣ ሳታሳምም አወጣችላት።

"አንቺ ልጅ፣ አስነጠስኩ እኮ" አለቻት። "ይማርሽ በይኝ።"